የነፍሰ ጡሯ ካርድ ላይ የጎደለችው ጥያቄ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አዲስ አበባ አየር መበከል በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሳንባ ተጽፏል፣ ስለ ልብ ተጽፏል፣ ስለ አስም ተጽፏል። ስለ ማህፀን ግን አንዲት መስመር አጣሁ። እኔ 31 ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በአዋላጅ ነርስነት ነውና ጋዜጣውን አጥፌ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ከአገልግሎት ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። እዚያ እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበት ነው። ሌሊት በቃሬዛ የምትመጣ፣ ምጥ የያዛት እናት ገና በሩን ሳታልፍ ጭሱ ይቀድማታል፤ ጋቢዋ፣ ሻሿ፣ ጸጉሯ፣ የተሸከሟት ሰዎች ልብስ ሳይቀር ይሸታል። ምጡ ሲጠና ላብ ያጠምቃታል። በውሃ ባራስኩት ነጭ ጎዝ ግንባሯን፣ አፏን፣ የአፍንጫዋን ዙሪያ እጠርግላት ነበር። ጎዙ ከአፍንጫዋ ሥር ሲነሣ ጥቁር ነው። ያንን ጥቁር ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልቆጥረው አልችልም። አይቼስ ምን አደረግሁ? ጎዙን ወደ ቆሻሻ መጣያው ጥዬ ሌላ ንጹሕ አነሣሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚያ ጥቁር ነገር ነው።

የእርግዝና ክትትል ካርዱን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ዕድሜ፣ ስንተኛ እርግዝና፣ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ሄሞግሎቢን፣ የሽንት ምርመራ፣ የኤችአይቪ ምርመራ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ የአይረን ክኒን። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት «እንጀራ የምትጋግሪው የት ነው? በምን?» የሚል ቦታ በካርዱ ላይ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ትምባሆ ታጨስ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው የሚያጨሰውም ይደርስባት እንደሆነ ትጠየቅ ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን የመንዝን ገበሬ ሚስት «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብላት በመገረም ታየኛለች። «ኧረ በስመአብ!» ትላለች፣ እውነቷን ነው። እኔም «አታጨስም» ብዬ እጽፋለሁ። ያቺ ሴት ግን መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ከምጣዱ ሥር አጎንብሳ እሳቱን እፍ ስትል፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ነው ዘጠኙን ወር የምትጨርሰው። ያንን የሚጠይቃት የለም።

የጭሱ ነገር የሳንባና የዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆጭም ነበር። የሚያስቆጨኝ በሆዷ ያለው ልጅ አንጎል ነው።

ልጅ ከተወለደ በኋላ የአዋላጅ ሥራ አያበቃም፤ እንግዴ ልጁ ይጠበቃል። ሲወጣ በሳህን ላይ ዘርግቼ፣ በሁለት እጄ እየገለጥኩ፣ ሙሉ መሆኑን አያለሁ፤ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ እናቲቱ ትደማለችና። በእናቲቱ በኩል ያለው ፊቱ ሻካራ ነው፤ በልጁ በኩል ያለው ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል፤ የደም ሥሮቹ ከእትብቱ ተነሥተው እንደ ዋርካ ሥር ይዘረጋሉ። በተማሪነቴ እንግዴ ልጅ ማለት ደጉን አሳልፎ ክፉውን የሚያስቀር ወንፊት ነው ተብለን ነበር የተማርነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤልጂየም የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወለዱ እናቶችን እንግዴ ልጅ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። የካርቦን ብናኝ በልዩ የሌዘር ብርሃን ሲመታ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጥላሸቱን ያገኙት በእናቲቱ በኩል ብቻ አልነበረም፤ በዚያ በልስልሱ፣ በልጁ በኩልም ነበር። በ2022 ደግሞ ከስኮትላንዱ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አምስት ወር እንኳ ባልሞላቸው ፅንሶች ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ ያንኑ ብናኝ እንዳገኙ አሳተሙ። በእጄ ያለፉት እነዚያ ሁሉ እንግዴ ልጆች ትዝ አሉኝ። ሙሉ ናቸው ብዬ ነበር የምመዘግባቸው።

አንጎል በችኮላ አይሠራም፤ ግን ሥራው የሚጀመረው ማንም ሳያውቅ ነው። የኅብለ ሰረሰርና የአንጎል መነሻ የሆነው ቱቦ ከፅንሰቱ ጀምሮ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ብዙዋ ሴት በዚያን ቀን ማርገዟን እንኳ አታውቅም፤ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመር የምንለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የአንጎል የነርቭ ህዋስ የሚፈጠረው፣ ቦታ ቦታውንም የሚይዘው ልጁ ገና በሆድ እያለ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ በእናቲቱ ደም ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይቀማል፤ በፅንሱ ደም ውስጥ ደግሞ ከእናቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብናኙ በበኩሉ የእናቲቱን ሰውነት ያስቆጣል፤ ቁጣው ለፅንሱ ይተርፋል። በፅንሱ አንጎል ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ትርፉን እየለቀሙ ቦታ የሚያስተካክሉ ጠባቂ ህዋሶች አሉ። እነርሱ ያለ ጊዜያቸው ሲቆጡ የሚሠራውን ያበላሻሉ።

«ይህ ሁሉ በማይክሮስኮፕ ነው፤ በልጅ ላይ ምን ታየ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ዓመታት የደከሙ ሰዎች አሉ። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ፍሬዴሪካ ፔሬራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀምረው በሰሜን ማንሃተንና በደቡብ ብሮንክስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንና ዶሚኒካውያን ነፍሰ ጡሮችን መዘገቡ። ሁሉም ሲጋራ የማያጨሱ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ለሁለት ቀን አየር የሚለካ መሣሪያ ያለበት የጀርባ ቦርሳ አሸከሟቸው፤ ቀን ይዘውት ይዞራሉ፣ ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ ያኖሩታል። የለኩት ነዳጅ፣ ከሰልና እንጨት ሲቃጠል የሚወጣውን፣ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የተባለውን የኬሚካል ዘር ነው። ከዚያም ልጆቹን ሲያድጉ ተከተሏቸው። በ2009 ያወጡት ውጤት፣ በሆድ እያሉ ብዙ የደረሰባቸው ልጆች አምስት ዓመት ሲሆናቸው በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ከሌሎቹ በ4 ነጥብ ከፍ ያለ ዝቅ ብለው መገኘታቸውን የሚያሳይ ነበር። በ2015 ከእነዚያው ልጆች መካከል የ40ዎቹ አንጎል በኤምአርአይ ታየ። ብዙ የደረሰባቸው በግራው የአንጎል ክፍል ያለው፣ መልእክት የሚያመላልሰው ነጭ ክፍል ሳስቶ ተገኘ፤ ነገርን ቶሎ አስቦ መመለስ ላይም ዘገምተኞች ሆኑ።

አራት ነጥብ ለአንድ ልጅ ትንሽ ትመስላለች። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች እያንዳንዳቸው አራት አራት ነጥብ ሲያጡ ግን መምህሩ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ባያውቅም።

ከኒው ዮርክ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጓቲማላው ነው፤ ምክንያቱም ማድቤቱ የእኛ ነው። በምዕራብ ጓቲማላ፣ በሳን ማርኮስ ደጋ፣ የማያ ተወላጅ እናቶች ቶርቲላ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ቤት ውስጥ በግልጽ እሳት ላይ ይጋግራሉ። ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር ከርክ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቻቸው ጋር በጀመሩት ጥናት፣ ከ500 በላይ ከሚሆኑት ቤተሰቦች ገሚሱ ወዲያው የጭስ መውጫ ያለው፣ ፕላንቻ የሚባል ምድጃ ተሠራላቸው። እናቶቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ የምትለካ ትንሽ ቱቦ ልብሳቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ከዚያ ሕዝብ መካከል 39 ልጆች ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ተፈተኑ፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። እናታቸው በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ብዙ ጋዝ የሳበች ልጆች ቅርጽ አይተው በመቅዳት፣ ያዩትን በማስታወስ፣ በጣታቸው ቶሎ ቶሎ በመምታት አነስ አሉ። ጥቂት ልጆች ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ቅርጽ አይቶ መቅዳት ማለት «ሀ»ን አይቶ «ሀ»ን መጻፍ አይደለምን? በእኛ አገር ልጅ ፊደል ሲያቅተው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» እንላለን። አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ፈዛዛ፣ የእግዜር ሥራ ነው ብለን እንተወዋለን። እኔም ብዬዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን ከዥንጉርጉሩ ስንቱ ከጣሪያው ጥቀርሻ የመጣ ይሆን?

ስለ ውርሱ ደግሞ ልናገር፤ ይህኛው ስለ ራሴ ነው።

የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ በድንጋይ በተሠራ ክብ ቤት ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ እሳት ከቤት አይወጣም፤ በሩ ከተዘጋ ጭሱም አይወጣም። ከሳር ክዳኑ ሥር ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሎ ስናየው አደግን፤ ምግብ ላይ ሲወድቅ እናቴ በማንኪያ ጫፍ አንሥታ ትጥለው ነበር። እናቴ እኔን ያረገዘችው እዚያ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ተምሬ፣ ነጭ ገዋን ለብሼ፣ ከተማ ገብቼ ልጄን ያረገዝኩት ማድቤቱ የጋራ በሆነ የኪራይ ቤት ነው። አከራያችን እንጀራ እየጋገሩ የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ። ምጣዳቸው የሚጣደው ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የኔ መኝታ ቤት በር ማድቤቱ ላይ ነበር የሚከፈተው። ለሌላው ሰው ጤና የማስተምር ሴት፣ በጭሱ መካከል ቁርሴን እየበላሁ፣ ዓይኔን እያሸሁ ወደ ሥራ እሄድ ነበር።

ሴት ልጅ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። በእርግዝናው አምስተኛ ወር ገደማ በሴት ፅንስ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ህዋሶች ይገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም። እንግዲህ እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ኩበት ስታነድ፣ ኋላ ልጄ የሆነችው እንቁላል እኔ ውስጥ ነበረች። እኔ ልጄን አርግዤ ከባልቴቲቱ ማድቤት ደጃፍ ቁርሴን ስበላ፣ ዛሬ ልጄ በሆዷ የያዘችው የልጅ ልጄ በእናቷ በኩል ያለችው ዘር እዚያው ነበረች። በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች አይደሉም፤ ሦስት ትውልድ ነው።

ጭስ የዘረመልን ፊደል ሳይለውጥ አነባበቡን ሊለውጥ እንደሚችል ሳይንሱ ያስረዳል። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ድጓ የተማረ ሰው ነበር። ብራናው ላይ ቃሉ አንድ ነው፤ ከፊደሉ በላይ ያለው ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት ነው ዜማውን የሚያነሣና የሚጥል። በዲኤንኤአችን ላይም እንዲሁ ያሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች አሉ፤ የትኛው ዘረመል ከፍ ብሎ ይሰማ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚሉት እነርሱ ናቸው። የተበከለ አየር በተነፈሱ እናቶች ልጆች እትብት ደምና እንግዴ ልጅ ላይ እነዚህ ምልክቶች ቦታቸውን ለውጠው ተገኝተዋል። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚደርሰውን በሰው ላይ የሚያመለክት ነገር የመጣው ከትምባሆ ጥናት ነው። በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል ከተማና በአካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ልጆችን ከነቤተሰባቸው ሲከታተል የኖረው ጥናት በ2017 ባወጣው ውጤት፣ የእናታቸው እናት እርጉዝ ሆና ታጨስ የነበረች ሴት ልጆች ከኦቲዝም ጋር የሚያያዙ አንዳንድ ጠባዮች በብዛት ታይተውባቸዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥም በ2005 ይኸው የአያት ሲጋራ ከልጅ ልጅ አስም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሲጋራና ኩበት አንድ አይደሉም። የሚነድ ቅጠል ጭስ መሆናቸው ግን አንድ ነው፤ ኩበትም ከብት የበላው ሳር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር በጽኑ መናገር እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብቦ ማንም ሰው «ልጄን ያደነዘዝሽው አንቺ ነሽ» እንዳይል። በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጭሱን መርጣ የገባችበት አንዲት እናት አላየሁም። የሚበላው ቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ የሚታጠነው ግን የእርሷ ማህፀን ነው። ደግሞ ጭሱ ብቻውን አይመጣም። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ስቴሲ ቢልቦና ባልደረቦቿ እርጉዝ አይጦችን የናፍጣ ጭስ ብናኝ አስነፈሷቸው፤ ከእነርሱም ለአንዳንዶቹ ጎጇቸውን የሚሠሩበትን ነገር አሳጠሩባቸው። ብናኙና ጭንቀቱ የተደረበባቸው እናቶች የወለዷቸው ወንዶች በማስታወስ ደከሙ፣ ፈሪም ሆኑ። ያንን ሳነብ የቤት ኪራይ ያሳሰባት፣ ባሏ ሥራ የፈታ፣ ሰባት ወሯን ይዛ ለሆቴል እንጀራ የምትጋግር ጎረቤቴ ነበረች ዓይኔ ላይ የመጣችው። እርሷም ጎጆ መሥሪያው ያጠረባት ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ ተስፋ ያለው ነገር መሆኑን እንወቅ። በቻይና ቾንግቺንግ አካባቢ ቶንግሊያንግ በምትባል ከተማ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት ዘጋው። ቅድም ያነሣኋቸው የኮሎምቢያ ሰዎች ከቻይናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ከመዘጋቱ በፊት፣ በ2002 የተወለዱትን፣ ከተዘጋም በኋላ በ2005 የተወለዱትን ልጆች አነጻጸሩ። በፊተኞቹ ላይ ጭሱ በዘረመላቸው ላይ የተወው ምልክት በበዛ ቁጥር በሁለት ዓመታቸው እድገታቸው ያንስ ነበር። በኋለኞቹ ምልክቱ ቀነሰ፤ ያ ዝምድናም ጠፋ፤ ለአንጎል እድገት የሚያስፈልገው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ ከፍ አለ። አንድ ጭስ ማውጫ ቆመ፤ በዓመቱ የተወለዱት ልጆች ተጠቀሙ። ትውልድ መጠበቅ አላስፈለገም።

የእኛ ጭስ ማውጫ ግን አንድ ቦታ የቆመ አይደለም። በየቤቱ ነው። በአገራችን ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ገደማ ዛሬም በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰል ያበስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በአንድ ቀን ውስጥ በሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም በላይ ጥቃቅን ብናኝ እንዳይኖር ይመክራል፤ በግልጽ እሳት የሚጋገርበት ማድቤት ውስጥ የሚለካው በመቶዎች ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ወጣ ብሎ በተሠራ፣ ጭስ መውጫ ባለው ማድቤት ሲሆን ደግሞ ዓይን ያርፋል። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከደስታዬ ብዛት ያለቀስኩት ምጣዱን አስቤ ነው። መብራቱ ሩቅ ላለችው እናት እስኪደርስ ግን የሚወለዱት ልጆች አይጠብቁም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የምትጋግረው በምን፣ የት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ። ዋጋው የቀለም ነው። ጥያቄው ሲኖር ነርሷ ትጠይቃለች፤ ስትጠየቅ እናቲቱ ታስባለች፤ ስታስብ ቤቷ ሄዳ ትናገራለች። ምድጃ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶችም ማንን ያስቀድሙ ለሚለው መልስ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት፣ ከዚያም ሙሽራ የገባችበትን ቤት። ያ ቱቦ በ28 ቀን ይዘጋል ብያለሁና ሙሽራዋን የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ጉልቻ የመሠረተች ሁሉ ከጉልቻው ጭስ የምትጠበቅበትን ነገር አብራ ታግኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ስለ ወሊድ አደገኛ ምልክቶች እንደሚያስተምሩት፣ ስለ ጭሱም አሥር ደቂቃ ይስጡት።

ቤት ውስጥ የሚደረገውን ደግሞ ባህላችን ራሱ ያውቀዋል። አራስን ከጭስ እናወጣለን። ገንፎዋን ሌላ ሰው ያገነፋል፤ አጥሚቷን ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ ወንድ ከሆነ እስከ አርባው፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያው ምጣድ ፊት አትቀመጥም። ይህን የመሰለ ደግ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ከወሊድ በፊት ለምን ይተዋታል? እንዲያውም «ትሥራ፣ ትንቀሳቀስ፣ ምጡ ይቀላታል» ተብላ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከእሳቱ ጋር ትታገላለች። ትንቀሳቀስ፤ ውሃ ዳር ትሂድ፣ ጓሮ ትኮትኩት፣ እኔም የምመክረው ነው። ምጣዱን ግን ባል ይያዘው፣ አማት ትያዘው፣ ጎረቤት ተራ ይግባለት። ወንድ ልጅ እንጀራ ቢያሰፋ ምን ይጎድልበታል? የሚጋግረው ለልጁ አንጎል ነው።

የከተማዋንም እናት አልረሳኋትም። ልጄ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። ማታ ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ትቆማለች፤ ሰልፉ ካረጁት ሚኒባሶችና አውቶቡሶች ጭስ ማውጫ ጎን ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ መልካም ነው፤ አሮጌዎቹ ግን መንገድ ላይ ናቸው። በአውሮፓም በሮተርዳም 783 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሕጉ ከፈቀደው ልክ ባነሰ ብክለት ውስጥ የተፀነሱት ልጆች እንኳ በአንዳንድ ስፍራ የአንጎላቸው ቅርፊት ሳስቶ ታይቷል። ለነፍሰ ጡር ሰልፍ የማስቀደም ጨዋነታችን ጥሩ ነው፤ ይልመድብን።

ባለፈው ወር ልጄን ለክትትል የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ካርዷን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ሁሉም በአግባቡ ተሞልቷል። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ ከግርጌው ባለው ክፍት ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ምጣድ፦ የኤሌክትሪክ። መብራት ሲጠፋ፦ ከሰል።» ተራዋ ደርሶ ስትገባ ነርሷ፣ የእኔን ልጅ የምታክል ወጣት ናት፣ ካርዱን ገልጣ የደም ግፊቷን ልትጽፍ ስትል ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ። «ይህን ማን ጻፈው?» አለች። ልጄ ወደ እኔ አመለከተች። ትቆጣ ይሆናል ብዬ ነበር። ወጣቷ ግን ጥቂት አሰበችና ቀና ብላ ልጄን፦ «ከሰሉን የምታቀጣጥይው በረንዳ ላይ ነው ወይስ ቤት ውስጥ?» አለቻት። «ሲበርደኝ ቤት ውስጥ» አለች ልጄ። ነርሷም ወንበሯን አስጠግታ፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ልጄን ታናግራት ጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ
ከሰሜን ሸዋ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)